ጂን የሌለበት ቶኒክ

አርብ ማታ ነው። ከሥራ ወጥተን ከኡራኤል ዝቅ ብሎ ያለ አንድ ቤት ተቀምጠናል። አምስት ሴቶች ነን፣ ሁላችንም የአንድ ቢሮ ሠራተኞች። ሙዚቃው ገና አልጮኸም፤ ወሬ ይደማመጣል። ሦስተኛው ዙር ታዟል። እጄን ታጥቤ ስመለስ ባንኮኒው ጋ ቆም አልኩ። አስተናጋጇ የእኛን ትእዛዝ እያሰናዳች ነበር። ከቢራዎቹ አጠገብ ሁለት ረጃጅም ብርጭቆዎች አሉ። በሁለቱም በረዶ፣ በሁለቱም ቁራጭ ሎሚ። አንዱ ላይ ጂን ለክታ ገለበጠች። ሌላው ላይ ምንም። ቶኒክ ብቻ ሞላችና ነጭ ስትሮ ሰካችበት። ጂን ላለው ጥቁር ስትሮ ደረሰው።

«እዚህኛው ላይ ጂን ረስተሻል» አልኳት።

ቀና ሳትል ፈገግ አለች። «አልረሳሁም። የእሷ እንደዚህ ነው።»

ትሪው ጠረጴዛችን ሲደርስ ነጩ ስትሮ ማን ፊት እንዳረፈ አየሁ። በዕድሜ ከሁላችን የምታንሰው ልጅ ፊት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ትንሿ ልበላት። ብርጭቆዋን አንሥታ ከሁላችን ጋር አጋጨች። ጎንጨት አለችና ጂኑ የከበዳት ይመስል ፊቷን ጨምደድ አደረገች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ኧረ ሞቅ እያለኝ ነው» አለች። ትወናዋ አንደኛ ነበር።

ምንም አላልኩም። ግን ከነከነኝ። ቅዳሜም ከነከነኝ፣ እሁድም ከነከነኝ። አታለለችን ብዬ አይደለም። ትንሿ የምትኖረው ከወላጆቿ ጋር ነው። አርብ አርብ እናቷ ስትደውል ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ሮጣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የምትል ልጅ ናት። እናቷ ዘንድ መጠጣቷን ትደብቃለች። እኛ ዘንድ አለመጠጣቷን ትደብቃለች። ታዲያ ይቺ ልጅ እውነቷን የምትሆነው የት ነው?

ነጩን ስትሮ የሚጠይቁ

በሌላ አርብ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ካዛንቺስ ፈርሶ መንገዱ እንደ አዲስ ከተሠራ ወዲህ ከቢሮ እዚያ ድረስ በእግር መምጣት ይቀለኛል። ቤቱ ባዶ ነበር። አስተናጋጇ ጠረጴዛ እየወለወለች ነው። ስለ ስትሮው ጠየቅኳት።

መጀመሪያ ልትነግረኝ አልፈለገችም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ በእሷ ሥራ ደግሞ ዝም ማለት እንጀራ ነው። የማውቀው ስለነበር ቆይታ ተናገረች። ትንሿ ብቻ አይደለችም። ሌሎችም አሉ። አንዷ ገና ከበር ስትገባ በዓይኗ ትጠቅሳታለች። ሌላዋ ከቢሮ ሳትወጣ «ዛሬም እንደዛው» ብላ ቴክስት ታደርግላታለች። አልኮል የሌለው ቢራ ጠርሙስ ላይ ያለውን ወረቀት ልጣ የምትሰጣት ደንበኛም አለቻት።

«ሒሳቡስ?» አልኳት።

«የቶኒክ ነው የምቆርጠው። ለአምስት ስትካፈሉት ማን ዝርዝር ያያል?»

ሳቅኩ። «ወንዶችስ እንዲህ ያደርጋሉ?»

«ወንዱ መደበቅ አያስፈልገውም። ‹ልነዳ ነው› ይላል፣ ያልፉለታል። መኪና የሌላት ሴት ምን ትበል?»

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ቀጥዬ ለምን እንደምትተባበራቸው ጠየቅኳት። ቤቱ የሚኖረው በሽያጭ ነው፤ ጂን በሸጠች ቁጥር ደስ የሚለው ባለቤት አለ። ጨርቋን አጠፈችና አየችኝ።

«መጨረሻ ላይ ሽንት ቤት ውስጥ ፀጉራቸውን ይዤ የማስመልሳቸው እኔ አይደለሁ? ታክሲ የምጠራላቸውስ? ቦርሳቸውን የምፈልገውስ?»

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይሄን ነገር ሳገላብጠው ቆየሁ። በዚህ ከተማ ስለ ወጣት ሴቶችና ስለ መጠጥ የሚወራው ብዙ ነው። ስብከቱ አለ፣ የሬዲዮ ውይይቱ አለ፣ «ድሮ እኮ ሴት ልጅ…» የሚለው የታክሲ ውስጥ ትችት አለ። እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ አንዲት ልጅ አንድ ብርጭቆ እንድትቀንስ የረዳ ሰው ግን መጠጡን የምትሸጠዋ አስተናጋጅ ናት። በነጭ ስትሮ። እኛ ጓደኞቿ ደግሞ የምትሸሸን ሰዎች ነን።

የዙር ሒሳብ

ትንሿን ምሳ ላይ ለብቻዋ አገኘኋትና አየሁሽ አልኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች። ጨርሳ አትጠጣም ማለት እንዳልሆነ ነገረችኝ። ሁለት ትጠጣለች። ሁለቱ እውነተኛ ናቸው። ከሦስተኛው ጀምሮ ነው ነጩ ስትሮ የሚመጣው። «ሁለት ላይ ደስ ይለኛል። ሦስት ላይ ማስታወስ አቆማለሁ» አለችኝ። አንድ ሌሊት እንዴት ቤት እንደገባች አታውቅም። ጫማዋ አንድ እግር ብቻ ነበር።

ሁለት ላይ ማቆም ለምን እንደሚከብድ ለማወቅ ዙርን ማየት ይበቃል። አምስት ነን። አንዷ ዙር ከገባች ሌሎቹም ተራ በተራ መግባት አለባቸው። አለበለዚያ ቋጣሪ ትባላለች፣ ወይም የሰው ጠጥታ የምትሄድ። ስለዚህ ማንም ሳትወስን፣ ማንም «ዛሬ አምስት ልጠጣ» ሳትል፣ እያንዳንዷ አምስት ትጠጣለች። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል ይይዛል። አምስቱ 65 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ መቀመጫ 60 ግራምና ከዚያ በላይ መጠጣትን ከባድ አጠጣጥ ብሎ ነው የሚመድበው። ማለትም የእኛ ተራ አርብ፣ «ኧረ ዛሬ እኮ ምንም አልጠጣንም» የምንልበት አርብ፣ ከመስመሩ በላይ ነው።

ይሄ መስመር ደግሞ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ሰውነታችን ግን አንድ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። እንዲህ አስረዳችኝ፦ አልኮል የሚሰራጨው በሰውነት ውስጥ ባለው ውሃ ነው። በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ከወንድ ያንሳል። አንድ ማንኪያ ስኳር በስኒና በጣሳ አንድ ዓይነት እንደማይጣፍጥ ነው። በዚያ ላይ ጨጓራ ውስጥ አልኮልን መሰባበር የሚጀምረው ኢንዛይም በሴቶች ዘንድ አነስ ይላል። ስለዚህ ኪሎዋ ከወንዱ ጋር እኩል ቢሆን እንኳ፣ እኩል ጠጥታ ደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል። ጉበቷም ቶሎ ይጎዳል። ጠረጴዛው ላይ ከወንድ ጋር እኩል መጠጣት እንደ ጀግንነት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። «አንቺ እኮ ወንድ ነሽ» ይባላል፣ ሙገሳ ነው አሉ።

ስለ ጡት ካንሰር የነገረችኝን ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር እሱ ነው። አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የተመደበው በ1988 (እ.ኤ.አ.) ነው። በየቀኑ 10 ግራም አልኮል መጠጣት የጡት ካንሰርን አደጋ ወደ 7 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ያ ማለት ከአንድ ቢራ ያነሰ ነው። ሲጋራ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ይሄን ግን እኛ ቢሮ ውስጥ፣ ሁሉም ዲግሪ ያላት፣ አንዷም አታውቀውም ነበር።

«አሜባ ይዞኝ ነው»

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አልጠጣም የምትል ሴት ምን ምን ብትል ይታለፍላታል?

ጾም ነው ካለች ያልፋል። ሁዳዴ ትልቁ ዕረፍት ነው፤ ማንም አይጠይቅም። ጠበል እገባለሁ ካለችም ያልፋል። ከሁሉም የሚሠራው ግን «አሜባ ይዞኝ መድኃኒት ላይ ነኝ» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን የማይቀበል ሰው የለም። በእርግጥ መድኃኒቱን ከአልኮል ጋር አትውሰዱ ብለው ሐኪሞችም ፋርማሲስቶችም ያስጠነቅቃሉ፤ ለዚህ ነው ሰበቡ ያማረው። ከእኛ መካከል አንዷ በወር ሁለቴ አሜባ ይይዛታል። አሁን ሳስበው ሆዷ ደኅና ሳይሆን አይቀርም።

የማያልፈው አንድ መልስ ብቻ ነው፦ «አልፈለግኩም።» ይሄ ሲባል ጠረጴዛው ይነሣል። ምነው? ተጣላን እንዴ? ማን አስቀየመሽ? በሞቴ አንድ! አፈር ስሆን! ያገባች ከሆነች ደግሞ የሁሉም ዓይን ሆዷ ላይ ያርፋል። «ምነው፣ የምሥራች አለ እንዴ?» ልጅ እየሞከረች ያለች፣ ወይም በቅርብ ያስወረዳት ሴት ይሄን ጥያቄ በአምስት ሰው ፊት ስትመልስ አስቡት። በእርግዝና ጊዜ ምንም ያህል አልኮል ቢሆን ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን የለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ደግሞ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ስለዚህ ዝም ብላ እምቢ ማለት የምትችልበት ቦታ ያስፈልጋታል። እኛ ግን ምክንያት ካላመጣሽ እንላለን።

በክፋት አይደለም። ይሄ ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው። «በሞቴ» የሚለው ከአያቶቻችን ቤት የመጣ ነው። አያቴ ጠላ ስትቀዳ መጀመሪያ ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትቀምስ ነበር፣ እንግዳው እንዳይሰጋ። ከዚያ ድገሙ፣ ትንሽ ጨምሩ ትላለች። ፍቅር ነው። ግን የአያቴ ጠላ ቀጭን ነበር፤ እንግዳውም ከመሶቡ ዳር በልቶ ነበር የሚጠጣው። እኛ ያንኑ ልመና ይዘን በባዶ ሆድ፣ ሾት ላይ ተገኘን።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን መካድ አልችልም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ ጠረጴዛ ይወጣል። የአንዷ ፍቺ የተሰማው እዚያ ነው። የቤት ኪራይ የጨመረባት፣ የአለቃዋ እጅ አላርፍ ያላት፣ እናቷ የታመመችባት፣ ሁሉም እዚያ ተነግሯል፣ ብዙውን ጊዜ አራተኛው ዙር ላይ። ታዲያ መጠጡን ቀንሱ ስንባል ውስጣችን የሚፈራው ይሄ ወሬ እንዳይቀርብን ነው። ትንሿ ግን ምሳ ላይ የነገረችኝ ነገር አልረሳኝም። «አራተኛው ዙር ላይ የምታወሩትን ሁሉ የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ። «ሰኞ ቢሮ ስትገቡ እናንተ ረስታችሁታል። እኔ ነኝ ይዤው የምዞረው።»

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ

ውርደት አጠጣጥን ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ የማየው ሲያፈጥነው ነው። ከቤተሰብ ጋር የምትኖር ልጅ ከሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ከሁለት ተኩል በፊት ቤት መግባት አለባት። ከሥራ የምትወጣው አስራ አንድ ተኩል ነው። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ምሳ ከበላች ብዙ ቆይታ፣ የምትጠጣውን ሁሉ ትጠጣለች። ከዚያ ማስቲካ፣ ሽቶ፣ አንድ ስኒ ቡና። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ግን በግምት 10 ግራም አልኮል ነው። ቡናው አያፈጥነውም። ቀዝቃዛ ውሃም አያፈጥነውም። ቡና የጠጣች ሰካራም የነቃች ሰካራም ናት። ኢነርጂ ድሪንክ ከቮድካ ጋር ቀላቅለው የሚጠጡትም፣ ጫት ቅመው ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚወጡትም ጉዳያቸው ያው ነው፤ ንቃቱ ስካሩን ይሸፍነዋል፣ አይቀንሰውም። «እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም» የምንስቅበት ነገር ደግሞ እንቅልፍ አይደለም። በጥድፊያ ሲጠጣ አንጎል ትዝታ መመዝገብ ያቆማል። ልጅቷ ቆማ እየሄደች፣ እያወራች፣ ምንም እየተመዘገበላት አይደለም።

በዚያ ሁኔታ የደረሰባት ነገር ቢኖር ጥፋቱ ያደረሰባት ሰው ነው። ይሄ ላይ አልከራከርም። ሰክራ የወደቀችን ልጅ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፈውም እንደዚያው። ቪዲዮውን አይተው መጠጥ ያቆሙ ሴቶች ካሉ አላጋጠሙኝም። በር ዘግተው ብቻቸውን መጠጣት የጀመሩ ግን አውቃለሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያም ከቴሌቪዥን የወጣው በእሱ ነው። ጥሩ ነው። ግን እኔ በምቀመጥባቸው ቤቶች መታወቂያ ስትጠየቅ ያየኋት ልጅ የለችም። ማስታወቂያውም ከቤታችን ወጣ እንጂ «በሞቴ አንድ» የሚል ጓደኛ አልወጣም።

ሒሳብ ለየብቻ

የአክስቴ ልጅ ስለ አንድ መጠይቅ ነግራኛለች። ኦዲት ይባላል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው። 10 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ እስከ 4 ነጥብ። በስንት ጊዜ ትጠጫለሽ፣ ስትጠጪ ስንት ትጠጫለሽ፣ ከጀመርሽ በኋላ ማቆም ያቃተሽ ጊዜ አለ ወይ፣ ጠዋት ለመነሣት መጠጥ ያስፈለገሽ ጊዜ አለ ወይ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። 8ና ከዚያ በላይ ከመጣ ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ጥሩ ነው። ቢሮ ውስጥ ለቀልድ ብለን ሞላነው። ቀልዱ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ። ነጥባችንን አልተነጋገርንም። እኔም እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ግን ደጋግማ ነግራኛለችና ልጻፈው። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ፣ ሳትጠጣ ስትቀር እጇ የሚንቀጠቀጥና የሚያልባት ሴት በራሷ ጊዜ በአንድ ጀምበር ማቆም የለባትም። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና ቅዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይገድላልም። ሐኪም አጠገቧ መኖር አለበት። አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ የሚሆን ሕክምና አለ። አማኑኤል የሚለውን ስም ሰምቶ የሚደነግጥ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ጠበል ነው፤ ይሁን፣ ግን ለሐኪም ተነግሮ። የጠበል ቦታ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምራት ሰው ሁሉ ርኩስ መንፈስ ነው የሚለው።

እንደኛ ያሉት ግን፣ አርብ አርብ የምንሰበሰበው፣ የሚያስፈልገን ሆስፒታል ሳይሆን ሌላ ዓይነት ጠረጴዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። አምናለሁ። ነገር ግን ይሄን ለሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ስትነግሯት ሁለት ምርጫ ብቻ ያላት ይመስላታል፣ ወይ ዜሮ ወይ እንደ ልብ። ከአምስት ወደ ሁለት የወረደች ልጅ ግን ትልቅ ነገር ሠርታለች፤ ማንም አያጨበጭብላትም እንጂ።

እኔ ያደረግኩት ትንሽ ነው። ከሁሉም ቀድሜ የማዝ እኔ ነኝ፣ በሥራ ስለምቀድም። አንድ አርብ መጀመሪያ ምግብ አዘዝኩ። ከዚያ ጮክ ብዬ አምቦ ውሃ አዘዝኩ፣ ምክንያት ሳልሰጥ። ትንሽ ተንጫጩ። ወዲያው ግን ያቺ አሜባ የሚይዛት ጓደኛችን «ለእኔም» አለች። ማንም አልጠየቃትም። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ዙር ይቅር፣ እያንዳንዷ የጠጣችውን በቴሌብር ትክፈል አልኩ።

ጦርነቱ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ታላቃችን፣ ከሁላችንም በላይ ለጋስ የሆነችው፣ ተቆጣች። «ፈረንጅ ሆናችሁ በቃ» አለች። «ደሞዝ ሳይደርስልኝ ስቀር ማን ነበር የሚጋብዘኝ? እናንተ አይደላችሁ? አሁን ሁሉም የራሷን ከፈለች ማለት፣ ብር የሌላት ቤቷ ትቅር ማለት ነው።»

እውነቷን ነው። መልስ አልነበረኝም። በዙር ስም ብር የሌላት ሴት ሳታፍር ከእኛ ጋር ስትቀመጥ ኖራለች። ያንን ያፈረሰ መፍትሔ መፍትሔ አይደለም። ረጅም ተከራከርን፤ አስተናጋጇ ሁለቴ መጥታ ተመለሰች። በመጨረሻ የተስማማነው ይሄ ነው፦ ምግቡ በዙር ይሁን፣ መጠጡ ለየብቻ። የአንዷ ኪስ ባዶ ከሆነ ለአንዳችን በቴክስት ትነግረናለች፣ የምትፈልገው ይከፈልላታል፣ ውሃም ይሁን ቢራ። ታላቃችን አሁንም አልተዋጠላትም። ባለፈው አርብ ለአምስታችን ክትፎ አዝዛ ማንም ብር እንዳያወጣ ከለከለች። ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ ገና እየተጨቃጨቅን ነው።